ቀዶ ሕክምናው ይቆይ፤ መጀመሪያ ወስፌው ይወፍር

እሷ፦ እንደምን ሰነበታችሁ፤ የዛሬውን ጨዋታ የምንቀዳው ሐረር ነው። ተራው የድሬዳዋ ነበር፤ ሙቀቱን ሳስበው ግን ይህን ወንድሜን ወደ እኛ ጎትቼ አመጣሁት።

እሱ፦ የሐረር ሰው የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ላለመውረድ መቼም ሰበብ አያጣም።

እሷ፦ ይሁንልህ። ርዕሳችን የአውራ ጣት ሥር ሕመም ነው። ቁልፍ ስናዞር፣ የጠርሙስ ክዳን ስንከፍት፣ ልብስ ስንጨምቅ ከአውራ ጣት በታች፣ ወደ አንጓው ጠጋ ብሎ የሚወጋው። እኛ ሰፈር ስሙ ቁርጥማት ነው።

እሱ፦ እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ድሬዳዋ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ላቡን እየጠረገ «ብርድ መትቶኝ ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል።

እሷ፦ ብርድ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?

እሱ፦ የመገጣጠሚያ መበላት ነው። እዚያ ቦታ የሚገናኙት ሁለት አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ እንደ ኮርቻ ይቀመጣሉ። አውራ ጣት ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞረው ለዚህ ነው። ነጻነቱ ግን ዋጋ አለው፤ መገጣጠሚያውን አጥብቀው የሚይዙት ጅማቶች ሲላሉ አጥንቱ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ለስላሳው ሽፋንም ያልቃል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን፣ በተለይ ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ፣ ያጠቃል። አሁን አንድ ቁጥር ልንገርሽ፤ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ። ኩኒ እና ቻኦ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1977 ባሳተሙት ስሌት መሠረት፣ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ ጫፍ በአንድ ኪሎ ያህል ኃይል ስትቆነጥጪ ሥሩ ላይ የሚያርፈው ጫና 12 ኪሎ ገደማ ነው።

እሷ፦ አቦ! አሥራ ሁለት?

እሱ፦ አዎ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቆንጥጦ የሚውል ሰው አስቢ።

እሷ፦ አሰብኩ፤ አክስቴን ነው ያሰብኩት። ጀጎል ውስጥ ስፌት ትሰፋለች። በግራ እጇ የሣሩን ጥቅል ትይዛለች፣ በቀኟ በቀጭኑ ወስፌ እየወጋች ታጠብቃለች። አንድ ትልቅ ሞሰብ ስንት ሺህ ጊዜ መቆንጠጥ እንደሚፈልግ የሚያውቅ የለም። ባለፈው ዓመት ሐኪም አየቻት፤ ራጅ አነሣች፤ «ወይ ቀዶ ሕክምና፣ ወይ ቻዪው» ተብላ ተመለሰች። የት እንደሆነ አልናገርም። የሚያበሳጨኝ በሁለቱ መካከል ምንም እንደሌለ ተደርጎ መነገሩ ነው።

እሱ፦ በመካከሉ ብዙ ነገር አለ። ዋናው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ሙያው የእነሱ ስለሆነ ክብሩን ለባለቤቱ ልስጥ። በአገራችን ገና ወጣት ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀምሯል። የዚህ ባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄ «ጠዋት ከተነሡ ጀምሮ በእጅዎ ምን ምን ይሠራሉ?» የሚል ነው። ከዚያ ሥራውን ራሱን ይመረምራል፤ ዕቃው፣ አያያዙ፣ አቀማመጡ፣ ዕረፍቱ።

እሷ፦ እዚህ ላይ ልከራከርህ። «ሥራሽን ቀይሪ» የሀብታም ምክር ነው። አክስቴ ስፌቱን ብትተው ምን ትበላለች?

እሱ፦ ማን ተዪ አለ? ወስፌው ነው የሚቀየረው። እጀታው ቀጭን በሆነ ቁጥር አጥብቀሽ ትቆነጥጫለሽ። የብስክሌት ጎማ ቁራጭ ወይም ጨርቅ ጠቅልለሽ ስታወፍሪው በጣት ጫፍ መቆንጠጡ ቀርቶ በመዳፍ መያዝ ይጀምራል። ለማማሰያውም፣ ለቢላዋውም፣ እዚሁ ሐረር ለመኪና ግርግር መንገድ ልብስ ሰፊዎች መቀስም ያው ነው። ዘንቢሉ በጣት ከሚንጠለጠል በክንድ ይያዝ። ጀበናው በሁለት እጅ ይነሣ። የታጠበ ልብስ ቧንቧው ላይ ጠምጥሞ ሁለቱን ጫፍ በመዳፍ ይዞ ማዞር ይቻላል። ሃያ ሊትር ጀሪካን ደግሞ… ስለ እሱ ባልናገር ይሻላል።

እሷ፦ ተናገር።

እሱ፦ ሁለት አሥር ሊትር ይሁን፤ እጀታውም ይወፍር። ምልልሱ ይበዛል፣ አውቃለሁ።

እሷ፦ አክስቴ ግን እሑድ እሑድ ወጌሻ ጋ ሄዳ ትታሻለች።

እሱ፦ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ቀስ አድርጎ ማሸት ጥሩ ነው፤ እኛም እናደርገዋለን፣ ያ ጡንቻ ሲጠብቅ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ ይስበዋልና። ጣቱን ይዞ መጎተትና ማንቋቋት ግን ክልክል ነው፤ የላላውን የባሰ ያላላል።

እሷ፦ የአውራ ጣቱን ሥር አቅፎ የሚይዘው የጣት መደገፊያውስ? አንዲት ጎረቤታችን ሦስት ሳምንት አድርጋ ምንም አልጠቀመኝም ብላ ጣለችው።

እሱ፦ ቸኩላለች። በ2009 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት አለ፤ 112 ሕመምተኞች ነበሩ። ለግማሾቹ በልካቸው የተሠራ መደገፊያ ሌሊት ሌሊት እንዲያደርጉ ተሰጣቸው። በአንደኛው ወር በሁለቱ ቡድኖች ሕመም መካከል ልዩነት አልታየም። በ12ኛው ወር ግን መደገፊያ ያደረጉት ሕመማቸው ቀንሶ፣ እጃቸውም የተሻለ እየሠራ ተገኘ። ልኩ ደግሞ ወሳኝ ነው፤ ሥሩን ደግፎ የጣቱን ጫፍ ነጻ መተው አለበት። ጣት ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ጠብቋል ማለት ነው፤ ይውለቅና ይስተካከል።

እሷ፦ እንቅስቃሴም ታዛላችሁ፤ ሰው ደግሞ የሚያመውን ማንቀሳቀስ ይፈራል።

እሱ፦ መፍራቱ ትክክል ነው፤ ኳስ እየጨመቁ ማጠንከር ሥሩን ያስጨንቀዋል። የምንፈልገው ሌላ ነው። አውራ ጣትን ብርጭቆ እንደያዘ ክብ አድርጎ መክፈት፣ ከዚያ ሌባ ጣትን ብቻ በላስቲክ ላይ ወደ አውራ ጣት በኩል መግፋት። ያ በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ጡንቻ ሲጠነክር አጥንቱን በቦታው ይይዘዋል። በማግሥቱ ሕመሙ ከጨመረ መጠኑ ይቀነስ።

እሷ፦ እሺ፣ ይህ ሁሉ ሕመም ማስታገሻ ነው እንበል። ቀዶ ሕክምናን በእርግጥ ያስቀራል?

እሱ፦ የስዊድን ሐኪሞች በ2001 ያወጡት አለ። ለቀዶ ሕክምና ተራ ይጠብቁ ለነበሩ 33 ሰዎች ምክር፣ መደገፊያና ረዳት ዕቃዎች ሰጧቸው። ከሰባት ወር በኋላ 70 በመቶ የሚሆኑት ቀዶ ሕክምናው አያስፈልገንም አሉ።

እሷ፦ ሠላሳ ሦስት ሰው ጥቂት ነው። ደግሞ ምንም ያልተሰጠው ማነጻጸሪያ ቡድን ነበራቸው?

እሱ፦ አልነበራቸውም። ስለዚህ ማስረጃው የመጨረሻ ቃል አይደለም። ግን ተራ መጠበቁ ካልቀረ፣ ወራቱን እጅን በማሠልጠን ማሳለፍ ምን ያስከፍላል? የአውሮፓ የሩማቶሎጂ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ በሽታዎች ሕክምና፣ ማኅበራት ኅብረት በ2018 ባወጣው መመሪያም ትምህርት፣ እንቅስቃሴና መደገፊያ ይቀድማሉ፤ ቀዶ ሕክምና የሚመጣው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ አልለቅ ሲል ነው።

እሷ፦ ቀዶ ሕክምናውን ግን ሰይጣን አታድርገው።

እሱ፦ አላደርገውም። ከ1949 ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ ከሥሩ ያለችውን ትንሿን አጥንት ያወጧታል፤ ብዙ ሰው ከሕመሙ ይገላገላል። ግን ሳምንታት እጅ ይታሠራል፤ ጉልበቱ እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። በእጇ ሠርታ ለምታድር ሴት ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም። የወጣች አጥንት ደግሞ ተመልሳ አትገባም፤ መደገፊያ ግን ይወልቃል።

እሷ፦ ራጁ ክፉ ከሆነስ? የአክስቴን ያየችው ሐኪም «አልቋል» ነው ያለቻት።

እሱ፦ ራጅና ሕመም ሁልጊዜ አይስማሙም። ራጁ አስፈሪ ሆኖ ያለ ችግር የሚሠራ አለ፤ ራጁ ደህና ሆኖ ሌሊት የማይተኛም አለ። የሚወስነው እጁ ምን መሥራት እንዳቃተው ነው። ደግሞ ሁሉም ሕመም ይህ አይደለም። ጣት ከደነዘዘ፣ ወይም ብዙ መገጣጠሚያ አብጦ ጠዋት ለረጅም ጊዜ የሚገትር ከሆነ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላልና ቶሎ ሐኪም ይታይ።

እሷ፦ አንድ መልእክት ይዤ ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፣ ከድሬዳዋ። መደገፊያውንም፣ እንቅስቃሴውንም፣ መገጣጠሚያው ላይ የሚወጋውን መርፌም ሞክሮ አልሆነለትም፤ ቀዶ ሕክምናውን ወስኗል። ሁለቱም እጁ ነው የሚያመው። በአንድ ጊዜ ይሠራልኝ ወይ ይላል።

እሱ፦ ሁሉን ሞክሮ ከሆነ ውሳኔው ተገቢ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማሠር ግን አልመክርም፤ በምን ይጎርሳል፣ በምን ይታጠባል? ከሐኪሙ ጋር አንዱን እጅ ይምረጡ፤ ያ እስኪድን ሌላኛው መደገፊያውን አድርጎ ይቆይ። መቀስ የሚይዝበት እጅ የትኛው እንደሆነም አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

እሷ፦ ቀኙ ነው፤ ጽፎታል።

እሱ፦ እንግዲያው በዓል ሲቃረብ፣ ትእዛዝ በሚበዛበት ሰሞን አይሁን።