ኮፋኖው ይከፈት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከአዲስ አበባ፣ ከቢሾፍቱ፣ ከአሰላና ከሐዋሳ የመጣችሁ ወዳጆቻችን፣ ጋራዣችሁን ዘግታችሁ የተገኛችሁ መካኒኮች፣ እንኳን ወደ አዳማ በደኅና መጣችሁ። አሮጌ መኪናችሁን ነድታችሁ ለመጣችሁት ደግሞ ለብቻ እንኳን ደኅና ገባችሁ እላለሁ። መንገድ ላይ የቆመባችሁ ካላችሁ እጅ ማውጣት አያስፈልግም። ሸሚዛችሁ ላይ ያለው ግራሶ ይናገራል።

አጀንዳችን ረጅም ነው። የሥራ ሪፖርት አለ፣ ሒሳብ አለ፣ ኦዲት አለ። እሱን ለባለቤቶቹ ትቼ የተሰጠኝን ጊዜ በአንድ ጉዳይ ልጨርሰው። ስለ ዓመታዊው የመኪና ትርዒታችን ነው።

ሳልሸፋፍን ልናገር። ትርዒታችን ተመልካች እያገኘ፣ አባላቱን እያጣ ነው። ካለፈው ትርዒት በኋላ ስልኬ ሲጮህ ነው የከረመው። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ አንድ አባላችን "ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለ ሞተሯ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስንት ትሸጣታለህ ብሎ ነው" አሉኝ። ሌላው ደግሞ ስፖኪዮው ተሰብሮበት፣ የሰበረው ልጅ ፎቶውን ተነስቶ ሄዷል። አንዷ እህታችን ከዚህም ባሰ ተበሳጭታለች። ፔጆዋን ያቆሙባት ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ነው። መሀሉን የያዘው ገና ፕላስቲኩ ከወንበሩ ላይ ያልተላጠ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። በድንኳን ጥላ ሥር፣ በአበባ ተከቦ።

የቀድሞውን የምታስታውሱ አላችሁ። መድረክ አልነበረም። መኪኖቹ አቧራቸውን እንደለበሱ ይገቡ ነበር። ገና ሞተር ሳይጠፋ አንዱ ኮፋኖ ይከፍታል፣ አምስት ጭንቅላት ይጎነበሳል። አንዱ ካንዴላው ይፈታ ይላል፣ ሌላው የለም፣ ችግሩ ከፖምፓው ነው ይላል። አንድ አንጋፋ መካኒክ ካቻቪቴውን ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፍና ሁሉም ዝም ይላል። ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። ብዙዎቻችን መኪናችንን ያወቅናት እዚያ ነው። በዚያ ቀን የሚበላው ጥብስም ቢሆን ከዛሬው ይሻል ነበር፣ ግን እሱን ለምግብ ኮሚቴው ልተወው።

አሁን ያለውን እናንተው ታውቃላችሁ። ዲጄው ጠዋት በሦስት ሰዓት ይጀምራል። ሞተር ቢነሳም አይሰማ። መኪኖቹ ያብረቀርቃሉ፣ ኮፋኗቸው ግን እንደ ተዘጋ ይውላል። የግማሾቹ ቸርኬ የአምና ነው፣ ወንበሩ የሌላ መኪና ነው፣ ቀለሙ የተጎዳውን ላሜራ በሚሸፍን ስቱኮ ላይ የተረጨ ነው። ከትርዒቱ ማግሥት ሙሽራ ይጭናሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ጥፋቱን በወጣቶቹ ላይ ትጥላላችሁ። እኔ አልስማማም። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ስልኩን ይዞ ከላዳ ጎን የሚቆመው መኪናዋን ስለወደዳት ነው። ከመልኳ ሌላ ምን አሳየነው? ሙዚቃውንም አልወቅስም። ስፖንሰሮቹም ቢሆኑ ገንዘባቸውን ይዘው የመጡት እኛ ጠርተናቸው ነው። እኔ ሥሩ ሌላ ነው ባይ ነኝ። ሥሩ ዋጋው ነው።

አስቡት። ቮልስ የመምህርና የነርስ መኪና ነበረች። ሴይቼንቶ ታክሲ ነበረች። ላዳም እንደዚሁ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንቱን ቤተሰብ ያሳደረች። ማንም እንደ ሀብት አያያቸውም ነበር። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወጣና ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ ታክሱን ሰቀለው። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆነ። ጓሮ ውስጥ ዶሮ ያደረባት መኪና ደላላ ይመላለስባት ጀመር። በእርግጥ ለአንዳንዶቻችን ይህ መልካም ዜና ነበር። ትርዒቱን ግን ቀየረው። በሬ ሊሸጥ ገበያ የወጣ ሰው በሬው እንደሚያነክስ አያወራም። ኮፋኖ የሚዘጋው ለዚህ ነው። ሞተሩ የራሷ እንዳልሆነ ከታየ ዋጋ ይወርዳል። ባለቤቱ ስለ ችግሯ ከጠየቀም ዋጋ ይወርዳል። ስለዚህ አይጠይቅም። አንጋፋው መካኒክም የሚጠይቀው ሲያጣ ቤቱ ይቀራል።

ትልቁ ኪሳራ እዚህ ጋ ነው። እውቀቱ እያመለጠን ነው።

ለምሳሌ ከዚህ ከአዳማ ተነሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች። አዳማ 1,600 አካባቢ ነች። አዋሽ ስትደርሱ ከ1,000 በታች ትወርዳላችሁ። ካርቡራተር፣ ማለትም አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ያለው መኪና ይህን በራሱ አያውቅም። ለአዲስ አበባ ስስ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር ቆላ ሲወርድ አየሩ ይበዛበታል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይግላል። ለቆላ የተስተካከለው ደግሞ ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበት ያጣል። የዘንድሮ ወጣት መካኒክ ኮምፒውተር ሰክቶ ችግር ማንበብ ይችላል፣ ጎበዝ ነው። ካርቡራተር ግን የሚሰካበት የለውም። በጆሮ ነው የሚነበበው።

ሙቀቱም አለ። መተሐራ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ መኪናው ድንገት ይቆማል። ባትሪው ደኅና ነው፣ ካንዴላው ደኅና ነው፣ የነዳጅ ሰልባትዮው ሙሉ ነው። ነዳጁ ግን ቱቦው ውስጥ ተንኗል፣ ፖምፓው የሚስበው እንፋሎት ነው። የድሮ ሹፌሮች እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጠቅልለው፣ ጥላ ሥር ትንሽ ተቀምጠው መንገዳቸውን ይቀጥሉ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ፖምፓ አውጥቶ ይጥላል። አዲስ ለመግዛት ደግሞ ሁለት ሳምንት ይለምናል።

የቮልስ ባለቤቶችም አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በተለይ አዲሶቹ። ቀይዋ የባትሪ መብራት በመንገድ ላይ ብትበራ "እቤት ደርሼ አየዋለሁ" እንዳትሉ። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ያንን አየር የሚነፋው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ነው፣ ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ ባትሪ አለመሙላቱ ትንሹ ችግር ነው፤ ሞተሩ እየተቃጠለ ነው። ወዲያው ቁሙ። ይህ በየትኛውም ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተጽፎ አላየሁም። ሰው ነው ለሰው የሚነግረው። የሚነግርበት ቦታ ደግሞ ትርዒታችን ነበር።

በውጭው ዓለም ያለውንም ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም "በሠለጠነው አገር እንዲህ ነው" እያሉ ሁሉን መኪና እንደ አዲስ ማብረቅረቅ አለብን የሚሉ አባላት አሉን። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፔብል ቢች የሚባል የታወቀ የመኪና ውድድር አለ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ለረጅም ዓመታት አንደኛ የሚወጡት ከፋብሪካ ከወጡበት ቀን በላይ ያማሩ፣ እስከ ብሎናቸው የታደሱ መኪኖች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን የ1934 ሥሪት የሆነች ቡጋቲ አንደኛ ወጣች። የቤልጅየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ 3ኛ የነበረች መኪና ናት። ቀለሟ የተላላጠ፣ ቆዳዋ ያረጀ። ሳይታደስ የቆየ መኪና የትርዒቱ አንደኛ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። እንግዲህ ፔብል ቢች የተላላጠ ቀለም ሲሸልም እኛ አዳማ ላይ ስቱኮ እንሸልማለን።

እንግሊዞች ደግሞ ከለንደን ብራይተን የሚነዱት ጉዞ አላቸው። የሚገቡት እ.ኤ.አ. ከ1905 በፊት የተሠሩ መኪኖች ብቻ ናቸው። ርቀቱ 96 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ እንደማለት! ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው መኪና ያንን መንገድ ይሄዳል። የእኛ የ1970ዎቹ ላዳ ግን ከአራዳ እስከ ትርዒቱ ሜዳ በጭነት መኪና ተጭና መጣች። ባለቤቱ እዚህ አለ፣ ስም አልጠራም።

በነገራችን ላይ፣ የጥንት መኪና ወዳጆችን የሚያስተባብረው ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ ፊቫ የሚባለው፣ ታሪካዊ መኪና ማለት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ በትክክለኛ ይዞታው የተጠበቀና የዕለት መጓጓዣ ያልሆነ ነው ይላል። የመጨረሻዋን ነጥብ ተመልከቱ። ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ ጤፍ ወፍጮ ቤት የምትወስድ ቮልስ በዚህ መለኪያ አታልፍም። ከምክትሌ ጋር በዚህ ብዙ ተከራክረናል። እሱ መለኪያው ይከበር ይላል። እኔ ግን በየቀኑ እየሠራች ሃምሳ ዓመት የዘለቀች መኪና ከሁሉም በፊት ትከበር እላለሁ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የነበሩ የቤተ መንግሥት መኪኖችን ማየት የሚፈልግ አዲስ አበባ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሄዶ ያያል፣ ቆንጆ ናቸው፣ ቆመዋል። የእኛ ሀብት የሚሄደው ነው።

ሌላም የሚቆጨኝ አለ። ይህች ከተማ የከባድ መኪና ከተማ ናት። የአሰብ ወደብ መንገድ ክፍት በነበረበት ዘመን ሹፌሩና ረዳቱ እዚህ አድረው፣ በልተው፣ ጎማ አስጠግነው ነው ወደ ወለንጪቲ የሚወርዱት። ፊያት 682 ኤን 3፣ ሁላችንም ኤንትሬ የምንለው፣ ተሳቢውን እየጎተተ ይህችን አገር ተሸክሟል። እስካሁን ግን አንድም ኤንትሬ በትርዒታችን ላይ አልቆመም። ስለማያምር ነው? ለሰርግ ስለማይከራይ? የቀሩትም እየተቆራረጡ ለቆራሌው እየተሸጡ ነው። አንድ የሚሠራ ኤንትሬ የሚያመጣ አባል ካለ፣ መግቢያው መሀል ላይ ቦታው ይጠብቀዋል። የኤሌክትሪኩ መኪና ትንሽ ወደ ጎን ይጠጋል።

ሥራ አስፈጻሚው ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ተባዝቶ ታድሏችኋል። ዋናውን ብቻ ልንገራችሁ። ትርዒቱ ከቢሾፍቱ ይጀምር። ጠዋት ተሰብስበን በሞጆ በኩል፣ በድሮው መንገድ፣ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነድተን አዳማ እንግባ። መሄድ የማይችል መኪና አይከለከልም፣ ግን ጥገና ላይ ነው ተብሎ ይጻፍበትና ተፈትቶ ይታይ። ተፈትቶ መታየት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ልጆቹ የሚማሩት ከእሱ ነው። እስከ ቀትር ሁሉም ኮፋኖ ክፍት ይሁን፣ ባለቤቱም ከመኪናው አይራቅ። የቮልስ ባለቤቶች፣ ሞተራችሁ ከኋላ ነውና እናንተ የኋላውን። ሙዚቃው ከምሳ በኋላ ይጀምር። ለመካኒኮቻችን፣ ለላሜራና ለቶርኖ ባለሙያዎች ጥላና ወንበር ይዘጋጅ፣ የቀን አበላቸውም ይከፈል፤ እስካሁን በነፃ ስናደክማቸው ኖረናል። አንደኛው ሽልማት ደግሞ ላልታደሰችና ለምትሄድ መኪና ይሁን።

ይህ ገንዘብ ያሳጣናል። አውቃለሁ። ከስፖንሰሮቻችን አንዱ መሀሉን ካልሰጣችሁኝ አልመጣም ብሏል። የመግቢያ ገቢውም ሊቀንስ ይችላል። አንዳንዶቻችሁ መኪናችሁን ለመሸጥ አስባችሁ ኮፋኖ መክፈት እንደማትፈልጉም ይገባኛል። ለእናንተ ከሜዳው ውጭ የሽያጭ ቦታ እንድናዘጋጅ ሐሳብ ቀርቧል፣ እሱንም ተወያዩበት። ሽያጭ ኃጢአት አይደለም። ከትርዒቱ ጋር መደባለቁ ነው ያስቸገረን።

አሁን መድረኩን ለገንዘብ ያዣችን እለቃለሁ። ያለ ዋናው ስፖንሰር ዓመቱን እንዴት እንደምንገፋ አስልተው መጥተዋል። ቁጥሩ ደስ አይልም፣ ግን ስሟቸው። ከሻይ እረፍት በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። አስተባባሪው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ ልኮልኛል፦ በሩ ላይ የቆመው ነጭ ፔጆ 404 መውጫውን ዘግቷል፣ ባለቤቱ ቢያነሳልን። ካልተነሳ አምስት ሰው ለመግፋት ይዘጋጅ።