ሲሚንቶ ወይስ ጭቃ? በዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ እንግዶቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከድሬዳዋ ድረስ ለመጣችሁ ልዩ ምስጋና አለን። ሰላምታውን እዚህ ላይ ላሳጥረው፤ ቡናውም እየቀዘቀዘ ነው።

ዘንድሮ ምን ሠራን? ሁለት ጊዜ ወጥተን አሮጌውን የሐረር ከተማ ከከበበው ከጀጎል ግንብ ሥር ቆሻሻ አነሳን። ተማሪዎችን ይዘን አምስቱን ጥንታዊ በሮች ዞርን። በቃ፣ ይኸው ነው። የቀረውን ዓመት የበላብን አንድ ክርክር ነው፦ የበሩን ማማ በሲሚንቶ እንለስነው ወይስ በጭቃና በኖራ?

ግንቡን በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት የከተማዋ ገዢ አሚር ኑር ናቸው። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው። ጭቃ ውኃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተፋል። ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል። ለጊዜው ያምራል። ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ልስኑ እያበጠ ይሄዳል፣ ሲረግፍም ድንጋዩን ይዞት ይወርዳል። ይህን ስላልኩ "ሊቀመንበሩ ልማት አይወድም" ተባልኩ። "ገንዘብ ሊቆጥብ ነው" ያለም አለ። እሺ፣ ይሁን።

አንድ አባል ደግሞ ወራባ ኑዱሉንም አብረን እንድፈነው አለ። ጅቦቹ ሌሊት ቆሻሻ ሊበሉ የሚገቡበትን የግንቡን ቀዳዳ! ታዲያ ቆሻሻውን ማን ሊያነሳልን ነው? እኛ እንደሆነ ሁለቴ ብቻ ነው የወጣነው።

"የድንጋይ ክምር ነው" ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1855 እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሲመጣ በሩ ላይ ረጅም ዘንግ የያዘ ዘበኛ አገኘ። መልእክቱ ለአሚሩ እስኪደርስ ከክቡ ማማ ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ወንዱም ሴቱም ከብቦ ሳቀበት። በኋላ ማማዎቹን ጥበብ የሌላቸው ብሎ ጻፈ። ተጠግቶ የተቀመጠው ግን ያንኑ ማማ ነው!

በ2006 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ደረታችንን ነፍተን ነበር። ዛሬ ግን የአዳራሹን ግማሽ ወንበር እዩት። የእነማን እንደሆነ እናውቃለን። በስልክ ግሩፕ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሟገቱት ናቸው። አንተ ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ሆነህ የምታዝዘን፣ የዘንድሮን መዋጮ ከፍለሃል? አፎቻ፣ የለቅሶና የሰርግ መረዳጃ ማኅበራችን፣ ቢሆን ኖሮ ትመጣ ነበር፤ ሰው ይታዘብሃላ! እናደድብሃለሁ፤ ግን ደግሞ ጥሩ ግንበኛ የምታውቀው አንተ ነህ። ና፣ ታርቀን እንሥራ።

አሁን ወደ ድምፅ መስጠቱ እንግባ። የመዋጮ መዝገቡ ከገንዘብ ያዣችን ጋር ነው። ድሮ ሲመሽ የከተማው በር ተቆልፎ ቁልፉ ለአሚሩ ይሰጥ ነበር። የዚህ አዳራሽ ቁልፍ ዛሬ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሳትፈርሙ የምትወጡ አይምሰላችሁ።