ጎርፉ በር ሲኖረው

እሺ… እየቀዳ ነው። ሰላም ወዳጆቼ፣ ከአዳማ ነው። መስኮቱን ዘግቻለሁ፣ የባጃጁ ድምፅ ግን መግባቱ አይቀርም፤ ለምዳችሁታል።

ዛሬ የውርስ ትርጉሙን፣ ማለትም የሌላን ሰው ሥራ ወስዶ ወደ ራስ ጽሑፍ የማምጣቱን ነገር፣ ሦስተኛ ክፍል እንቀጥላለን ብዬ ነበር። እሱ ይቆየን። አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ያችው ልጅ ናት። አዎ፣ እንደገና እሷ።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ የኃይሌ ገሪማ፣ የ1968 ዓ.ም. ፊልም። ጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር የተቀረጸ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ታሪኩን አልደግመውም። ልጅቷ የጭሰኛ ልጅ ናት፣ ከብት ትጠብቃለች፣ ጎርፍ ይመጣል፣ ላሟን ላድን ብላ ትገባለች፣ ውሃው ይወስዳታል።

እና ይህን ፊልም የወደደ ሰው ከእሱ የራሱን ታሪክ ለመጻፍ እስክሪብቶ ሲያነሳ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያው ነው። ያድናታል። ቅርንጫፍ ያቀብላታል፣ ወይ አንድ መንገደኛ ከየት መጣ ሳይባል ይደርስላታል። ጽሑፉም እዚያው ይሞታል። ለምን መሰላችሁ? እሷ ከተረፈች የቤተሰቡ ሐዘን የለም። ከበበ፣ ያ እብድ የሚሉት ሰው፣ ባለመሬቱን ሲገድል የምንሰማው ክብደትም ይቀላል። አንዲት ልጅ ለማዳን ሙሉውን ፊልም ታፈርሳላችሁ። ግን ደግሞ… ካላዳኗት ለምን ይጻፋል? ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ቆይ፣ ቦታውን ቀስ ብለን እንየው። አንድን ትዕይንት ወደ ጽሑፍ ለማምጣት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይታያል። መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ፦ ማን የት ቆመ፣ እጁ ምን ያዘ፣ ማን ማንን አያይም። ቀጥሎ ምስሉን ሸፍናችሁ ድምፁን ብቻ። ሦስተኛው ሙሉውን፣ ደቂቃና ሰከንዱን በደብተር እየመዘገባችሁ። ከትዝታ ብቻ የጻፈ ሰው ያላየውን ይጨምራል፤ በተለይ ንግግር። ዝም ያለው ሰው በጽሑፉ ውስጥ ለፍላፊ ሆኖ ይገኛል።

ፊልም በዝምታ ያለፈውን ነገር ጀማሪ «አሰበች፣ ተጨነቀች፣ ልቧ ተሰበረ» ብሎ ይሞላዋል። እንዲህ አይደለም። ሥራ ስጧት። የላሟን ገመድ እጇ ላይ ጠቅልላዋለች ወይስ ጥላዋለች? ከጠቀለለችው ላሟ ስትጎተት አብራ ትጎተታለች፤ መልቀቅ ብትፈልግም ቋጠሮው አይለቃትም። ከጣለችው ደግሞ ራሷ ወስና ነው የገባችው። አንድ ገመድ ነው፣ ግን ሁለት የተለያዩ ልጆች ናቸው።

ከዚያ የባሰውን ጥያቄ ጠይቁ፦ ላሟ የማን ናት? የጌታው ከሆነች ልጅቷ የገባችው ከፍርሃት ነው፤ ላም ጠፍታ ማታ ቤት መግባት የለም። የአባቷ ከሆነች ደግሞ የገባችው ለወተቱ ነው፣ ለታናናሾቿ ነው። ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር በሲሶ ወይም በእኩል እየተካፈለ የሚያርስ ቤተሰብ ላም ስትሞትበት ምን እንደሚቀረው ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ ስሌቱን ግን ገጹ ላይ አታስፍሩት። እግሯ ውሃው ውስጥ ሲገባ አንባቢው ይሰማዋል።

ርዝመቱ? በፊልም ጽሑፍ ልማድ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው፤ ይህ ፊልም እንግዲህ 150 ገጽ ያህል ማለት ነው። በዝርው ስትጽፉ ግን ያ ሒሳብ አይሠራም። የግማሽ ደቂቃ ውሃ ሦስት ገጽ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሙሉውን ፊልም አትንኩ። አንድ ትዕይንት፣ ከ1500 ቃል ያልበለጠ። በዚያ ላይ ነው እጅ የሚፈታው።

እና… እሺ፣ ወደ እኛ አካባቢ እናምጣው ስንል ነው ነገሩ የተወሳሰበብኝ። ወንጂ። ልጅቷን ከአዋሽ ዳር አስቀምጧት። የስኳር ፋብሪካው በ1946 ሥራ ጀመረ፣ የቆቃ ግድብ ደግሞ በ1952 ተመረቀ፣ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራ። ወንጂ ከግድቡ በታች ነው። አሁን አስቡት። በፊልሙ ጎርፉ ጎርፍ ነው፤ ሰማይ ነው የላከው። ከ1952 በኋላ ወንጂ ላይ ካስቀመጣችሁት ግን ውሃው በር አለው። በሩን የሚከፍት ሰው አለ። ደመወዝተኛ ነው፣ ታዞ ነው፣ ምናልባት ግድቡ ሞልቶበት ነው፣ ካልለቀቀ የባሰ ይመጣል።

አያችሁ? ቦታውን ብቻ ቀየርኩ ትላላችሁ፣ ጥፋተኛውን ቀይራችኋል።

ዘመኑንም እንደዚሁ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ታሪካችሁ ከዚያ በኋላ ከሆነ እንደ ፊልሙ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያዝዝ ባለመሬት የለም። ወንበሩን ባዶ ትተዉታላችሁ ወይስ ሌላ ሰው ታስቀምጡበታላችሁ? ባዶ ወንበር ጥሩ ነው። የፋብሪካ አለቃ ካስቀመጣችሁ ግን ኩባንያው የፈጠራ ስም ይኑረው፤ እውነተኛ ድርጅት ላይ ያልተፈጸመ ወንጀል አትለጥፉ። ፈቃዱንም አትርሱ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ ማላመድ የባለመብቱ ነው። ከማሳተማችሁ በፊት ደብዳቤ ጻፉ።

ምን እያልኩ ነበር… አንቱታ! ይህን ሳልል አላልፍም። የውጭ ፊልም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተርጓሚነት አይታችሁ የምትጽፉ፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ። እዚያ ሁሉም ሰው እኩል ይጠራል። እኛ ዘንድ ግን አንድ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት መወሰን አለባችሁ፦ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ። ሠላሳ ገጽ ሙሉ «ጌታዬ፣ ይስጡኝ» ሲል የኖረ ጭሰኛ በሠላሳ አንደኛው ገጽ «ስጠኝ» ካለ አብዮት ነው። ዱላ አያስፈልግም። ሳታስቡት በገጽ አራት «ስጠኝ» ካስባላችሁት ግን አብዮቱን በከንቱ አባከናችሁት።

ጾታም እንዲሁ ያጋልጣል። በውጭ ፊልም በር ይንኳኳል፣ ጥላ ይታያል፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም። በአማርኛ «ገባ» ካላችሁ ወንድ ነው፣ «ገባች» ካላችሁ ሴት ናት፤ ምሥጢሩ በአንዲት ፊደል አለቀ። መውጫው «በሩ ተከፈተ» ማለት ነው፣ ወይም «ገቡ»። «ገቡ» ደስ ትለኛለች። ሴትዮዋንም ትሸፍናለች፣ ሰውዬውንም፣ ሁለት ሰዎችንም። ከአራት ገጽ በላይ ግን አትጠቀሙባት፤ አንባቢው አዛውንት መስሎት መጠበቅ ይጀምራል።

እና ልጅቷ… አዎ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያሰብኩት፣ እሷን አለመንካት ነው። ትስጠም። ሞቷን እንዳለ ትቶ የግድቡን ሰውዬ መጻፍ። ከትዕይንቱ በፊት ባለው ሰዓት፣ እሱ ብቻ። ልጅቷን አያያትም፣ ላሟን አያያትም። ውሃ ይለቃል፣ ይመዘግባል። ትክክል ይመስለኛል። ማለቴ… በቴክኒክ ትክክል ነው። ግን ወደ እሱ በዞርኩ ቁጥር እሷ ትርቃለች፣ የሰውዬው ሐዘን የእሷን ቦታ ይይዛል። ያ ደግሞ ሁለተኛ መስጠም አይሆንም? ስም ከሰጠሁት አንባቢ ያዝንለታል። ስም ካልሰጠሁት ሰማይ ይሆናል፣ ተመልሼ እዚያው ጎርፍ ላይ ነኝ።

ምናልባት አንድ ነገር ብቻ ይወቅ። ሙሉውን አይደለም። ከታች፣ ከሩቅ፣ የከብት ድምፅ ሰምቶ… ግን ከዚያ ርቀት ይሰማል? አይሰማም። አይሰማም፣ ውሃው ይውጠዋል። ታዲያ መዝገቡን ሲሞላ እጁ ለምን ቆም ይበል…

ቆይ። ይህችን ልጻፋት።