ጌሾ ይቅደም፣ ሆፕ ይዘግይ

እንደምን አመሻችሁ!

ከሥራ በቀጥታ ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ከፊት ለተቀመጡት እናቶቻችን ደግሞ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዕድሜ ልኩን ጠላ ሲጠምቅ ለኖረ ሰው ስለ ጠመቃ ማውራት ድፍረት ነው። አዘጋጆቹ ግን «ስለ ድራይ ሆፕ ተናገር» ብለውኛል፤ ስሳሳት አርሙኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። ሆፕ ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጥ የሐረግ አበባ ነው። ሆፑን ከብቅሉ ውኃ ጋር መቀቀል ትታችሁ፣ ተብላልቶ ሊያልቅ ወደደረሰው ቢራ ትጨምሩታላችሁ። ድራይ ሆፕ ይኸው ነው።

ችግሩ ያለው እጃችን ላይ ነው። ጠላ ስንጠምቅ ጌሾ ቀዳሚ ነው። ይወቀጣል፣ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ይጠነሰሳል፤ ሌላው ሁሉ ከኋላ ይመጣል። ጌሾ ምሬቱን ለመስጠት እሳት አይጠብቅም። ሆፕ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ምሬቱ የሚወጣው ሲቀቀል ነው፤ አልፋ አሲድ የሚባለው ነገር በሙቀት ካልተለወጠ ቢራውን እምብዛም አያመርረውም። ሽታው ደግሞ እሳት አይወድም። አንድ ሰዓት ከተቀቀለ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ኩሽናው ያውዳል፣ ቢራው ባዶውን ይቀራል። እኛም በለመደ እጃችን ሆፑን ሁሉ መጀመሪያ ላይ እንጨምርና «መራራ ብቻ ሆነብኝ» እንላለን።

አሁን ሳህኑ ሲዞር አንዳንድ ፍሬ ሆፕ አንሡ። መሃል ለመሃል ሰንጥቋት። ከቅጠሎቿ ሥር ቢጫ ዱቄት አለ፤ ሉፑሊን ይባላል። በአውራ ጣታችሁ እሹት። ይጣበቃል አይደል? ሙጫም ዘይትም አለበት። እንግዲህ አሽትቱት። ይቺ ካስኬድ ናት፤ ኦሪገን ውስጥ ተዳቅላ በ1972 እ.ኤ.አ. ለገበሬ የወጣች። አበባ አበባ፣ ግሬፕፍሩት ግሬፕፍሩት ትላለች። ድራይ ሆፕ የምናደርገው ይህንን ሽታ እንዳለ ብርጭቆ ውስጥ ለማግኘት ነው።

መቼ ይጨመር? ጠማቂዎች የሚጨቃጨቁት እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ቢራው ገና አረፋ እየደፈቀ ሳለ ይጨምራል። ጥቅም አለው፤ ከሆፑ ጋር የገባውን አየር እርሾው ይበላዋል፤ አንዳንዱን ዘይትም ወደ ሌላ የፍራፍሬ ሽታ ይለውጠዋል። ግን የሚወጣው ጋዝ ሽታውን ይዞት ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ያኔ ሽታው ጥርት ይላል፣ አየር ከገባ ግን የሚከላከል የለም። እኔ መሃሉን እመርጣለሁ። ሃይድሮሜትሩ፣ ማለትም ቢራው ውስጥ የቀረውን ስኳር የሚጠቁመው መለኪያ፣ 1.012 ላይ ይቆማል ብዬ ከጠበቅሁ፣ 1.016 ገደማ ሲደርስ እጨምራለሁ። እርሾው ገና አልተኛም፤ ጋዙም ቀዝቀዝ ብሏል።

መጠኑ ላይ አንዳንዶቻችን እጃችን ይለቀቃል። ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በሊትር ከ8 ግራም በላይ መጨመር ብዙ ትርፍ እንደሌለው አሳይቷል። እንዲያውም የሎሚ ዓይነቱ ሽታ ቀርቶ ወደ ሣርና ሻይ ቅጠል ያደላል። ለ20 ሊትር ባልዲ 80 ግራም ለጀማሪ ይበቃል። ሆፕ ርካሽ አይደለም፤ ኪሳችሁን አትጉዱ።

ሲጨመር ደግሞ ቀስ! ቢራው ውስጥ የታመቀ ጋዝ አለ። አንድ እፍኝ ፔሌት፣ ማለትም ተፈጭቶ እንደ ክኒን የተጨመቀ ሆፕ፣ ባንዴ ከዘረገፋችሁበት ጋዙ በየቅንጣቷ ላይ ይነሣል፤ አረንጓዴ አረፋ በባልዲው አፍ ገንፍሎ ወለሉን ያዳርሳል። ትንሽ ጣል አድርጉ፣ ጠብቁ፣ ድገሙ። ክዳኑንም ቶሎ መልሱ።

ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሁለት ሦስት ቀን በቂ ነው። ድሮ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይተዉት ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛው ሽታ የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ከዚያ በላይ ሲቆይ ሣር ሣር ይላል። ከዚያ ባልዲውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ አተላው ይዘቅጣል። ስትቀዱ በቱቦ፣ የምትሞሉት ዕቃ ከሥሩ ወደ ላይ እንዲሞላ፣ ሳታንቦጫርቁ። አየር የገባበት የሆፕ ቢራ ይጠቁራል፣ እርጥብ ካርቶን ይሸታል።

ከሁሉ በላይ ግን ጠርሙሱን ፍሩ። ብቅል ስታርችን ወደ ስኳር እንደሚለውጥ እዚህ የማያውቅ የለም። ሆፕም ያ ኃይል በጥቂቱ አለው። ሆራስ ብራውንና ሃሪስ ሞሪስ የተባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ይህንን በ1893 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። እርሾው ሊበላው ያልቻለውን ሆፑ ይሰባብርለታል፤ አለቀ ያላችሁት ቢራ እንደገና መብላላት ይጀምራል። ቢራው ቅቤ ቅቤ እንዲሸትም ሊያደርግ ይችላል። ቸኩላችሁ ጠርሙስ ውስጥ ከሞላችሁት ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ጠርሙሱ ይፈነዳል። የመስታወት ስብርባሪ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ሆፑ ከገባ በኋላ፣ ባልዲው ፍሪጅ ከመግባቱ በፊት፣ ሃይድሮሜትሩን እንደገና አንብቡ። ሁለት ሦስት ቀን ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ቀጥሉ። ከተንቀሳቀሰ ታገሡ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ውሻ ያላችሁ፣ የተጠቀማችሁበትን ሆፕ ጓሮ አትጣሉ። ውሻ ከበላው ሰውነቱ እስከ ሞት በሚያደርስ ትኩሳት ሊግል ይችላል። በደንብ አስራችሁ ክዳን ያለው ቆሻሻ ውስጥ ክተቱት። የተረፈውን አዲስ ሆፕ ደግሞ አየሩን አውጥታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። አይብ አይብ ከሸተተ አሮጌ ነው፣ ጣሉት።

ጠረጴዛው ላይ «ሀ» እና «ለ» የተጻፈባቸው ሁለት ማሰሮዎች አሉ። ከአንድ ባልዲ የተከፈሉ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ድራይ ሆፕ ተደርጎበታል። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። እናቶች ቅድሚያ ይቅመሱ፤ ጥያቄ ያላችሁ እየጠጣችሁ ጠይቁኝ።