«አለፈ» ያለው ማን ነው? ስለ ዲጂታል ዲዛይን ሲሙሌሽን የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። በቬሪሎግ ወይም በቪኤችዲኤል (ዲጂታል ሰርኪዩት የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ናቸው) የጻፍነውን ዲዛይን ቦርድ ላይ ከመጫናችን በፊት ከተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት፣ ሆነን በሲሙሌሽን፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ በማስመሰል፣ እንዴት እንፈትሸው? አብዛኞቻችሁ ተማሪዎች ስለሆናችሁ ቀለል አድርጌ እመልሳለሁ። ትእዛዞቹን በቃል ስለምነግራችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

አድማጭ ከጅማ፦ ኢንጂነር፣ በማውስ የሚሠራ ፕሮግራም እያለ በተርሚናል ለምን እንቸገራለን?

ለመደጋገም ነው ልጄ። አንድ ቴስት ብቻ ካለህ በማውስ ብታስኬደው ችግር የለውም። 40 ቴስት ሲኖርህ ግን ኮዱን በነካህ ቁጥር 40ውንም እንደገና ማስኬድ አለብህ። በማውስ ይህን የሚያደርግ ሰው አላየሁም። ሁለት ሦስቱን ያስኬድና ሌላውን ይተወዋል። ስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞቹ በተራ የተጻፉበት ፋይል፣ ካለህ አንድ ትእዛዝ ሰጥተህ ቡናህን ጠጥተህ ትመለሳለህ።

ከደብረ ብርሃን፦ ገንዘብ የማይጠይቀው ፕሮግራም የትኛው ነው?

ለቬሪሎግ ኢካረስ፣ ለቪኤችዲኤል ጂኤችዲኤል፣ ዌቭፎርም፣ ማለትም ሲግናሎቹ በጊዜ ሂደት ሲለዋወጡ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ለማየት ጂቲኬዌቭ። ዲዛይኑ ትልቅ ሲሆን ቬሪሌተር። ሁሉም ነፃ ናቸው።

ከሐዋሳ፦ ኮዴ ኮምፓይል ያደርጋል፤ ግን ብዙ ማስጠንቀቂያ ይጽፍልኛል። ማለፍ እችላለሁ?

አትለፊው እህቴ። ከማስጠንቀቂያዎቹ መካከል 8 ቢት ሲግናል 4 ቢት መግቢያ ላይ መሰካቱን የሚነግርሽ ሊኖር ይችላል። ግማሹ መረጃሽ ተቆርጦ ቀረ ማለት ነው። ሌላው የስም ስህተት ነው። ቬሪሎግ ውስጥ የሲግናል ስም አንድ ፊደል ብትስቺ፣ ብዙ ጊዜ ቋንቋው ዝም ብሎ አዲስ የ1 ቢት ሽቦ ይፈጥርልሻል። ፋይሉ አናት ላይ «ዲፎልት ኔትታይፕ ነን» የሚለውን መመሪያ ጻፊ። ያኔ ያልታወቀ ስም ስህተት ሆኖ ይወጣል። ኢካረስን ሁልጊዜ «ሰረዝ ዎል» ብለሽ አስኪጂው፤ ዲዛይኑን ሳያስኬድ ኮዱን ብቻ የሚፈትሸውን የቬሪሌተር «ሊንት ኦንሊ» ምርመራም ጨምሪበት። ማስጠንቀቂያ አይታለፍም፤ ዛሬ ደግሜ ደጋግሜ እለዋለሁ።

ከመቀሌ፦ ሲሙሌሽኔ አያልቅም። ሌሊቱን ሙሉ ሮጦ ጠዋትም እዚያው ነው።

ክሎክህ፣ ዲዛይኑን በምት የሚያስኬደው ሲግናል፣ ማቆሚያ የለውም። ቴስት ቤንቹ፣ ማለትም ዲዛይኑን የሚፈትነው ኮድ፣ መጨረሻ ላይ «ዶላር ፊኒሽ» ጻፍ። ዲዛይኑ መሐል ላይ ተሰቅሎ መልስ ባይሰጥ እንኳ የሚያቆም የጊዜ ገደብም ጨምር። ጂኤችዲኤል የሚጠቀም ሰው «ስቶፕ ታይም» የሚለውን አማራጭ ይስጠው። አንድ ነገር ልብ በል፤ ኢካረስ «ዶላር ስቶፕ» ላይ ሲደርስ ቆሞ ትእዛዝህን ይጠብቃል እንጂ አይወጣም። ስክሪፕትህ ሌሊቱን ሲጠብቅ ያድራል። ቪቪፒን፣ ማለትም ኢካረስ ኮምፓይል ያደረገውን የሚያስኬደውን ትእዛዝ፣ በሰረዝና በትልቁ ኤን ፊደል ብታስነሳው እዚያ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ የሚተወው የመውጫ ቁጥርም 1 ይሆናል፤ ችግር አለ ማለት ነው።

ከባሕር ዳር፦ የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ሲሙሌሽን ላይ ይሠራል። ዌቭፎርሙን አይተናል፤ ተርሚናሉም «ሁሉም አለፈ» ብሎ ይጽፋል። ኤፍፒጂኤ (የጻፍነው ዲዛይን የሚጫንበት ቺፕ) ቦርዱ ላይ ስንጭነው ግን ምንም አያደርግም። ቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

ቦርዱን ለጊዜው ተዉት። ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ነው የሚመጣልኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ ምንም አልሆነም። እስቲ ልጠይቃችሁ። «ሁሉም አለፈ» ያለው ማን ነው? ቴስት ቤንቹ መጨረሻ ላይ የጻፋችሁት አንድ መስመር ከሆነ፣ ዲዛይኑ ምንም ቢሠራ ያ መስመር ይታተማል። እናንተው ጽፋችሁ እናንተው አነበባችሁት ማለት ነው።

ዌቭፎርም ማየትም ማረጋገጥ አይደለም። ዓይን የሚያየው የጠበቀውን ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር የክሎክ ምቶች ታያላችሁ፣ ያምራል፣ ትዘጉታላችሁ። ስህተቱ ሺኛው ምት ላይ ቢሆንስ? ዌቭፎርም ስህተት መኖሩ ከታወቀ በኋላ ምክንያቱን ለመፈለግ ነው የሚጠቅመው። ትክክለኛውን መልስ ቴስት ቤንቹ ራሱ ያስላ፤ ከዲዛይኑ መልስ ጋርም ራሱ ያነጻጽር።

አሁን ዋናው መጣ፤ እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ። የምታነጻጽሩ እንኳ ከሆነ፣ ብዙዎቻችሁ «ውጤቱ ከሚጠበቀው እኩል ካልሆነ ስህተት ብለህ ጻፍ» የሚለውን የምትጽፉት በቃለ አጋኖና በአንድ የእኩል ምልክት ነው። ሪሴት ያልተደረገ፣ ማለትም መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው፣ ሬጅስተር (ቁጥር የሚይዘው የዲዛይኑ ክፍል) በቬሪሎግ ዋጋው ኤክስ ነው፤ አይታወቅም ማለት ነው። ኤክስን ከቁጥር ጋር በዚያ ምልክት ስታነጻጽሩት መልሱም ኤክስ ይሆናል። «ኢፍ» ደግሞ ኤክስን እንደ ሐሰት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ የስህተቱ መልእክት አይጻፍም። ዲዛይናችሁ አንድም ትክክለኛ ቁጥር ሳያወጣ ቴስቱ ያልፋል! በቃለ አጋኖና በሁለት የእኩል ምልክት አነጻጽሩ፤ እሱ ኤክስንም ይይዛል። እውነተኛው ቺፕ ውስጥ ኤክስ የሚባል የለም። 0 ወይም 1 ሆኖ ይነሳል፤ የትኛው እንደሚሆን ሪሴት ካልነገራችሁት አታውቁም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው እዚህ ነው።

ቀጥሎ የመውጫ ቁጥሩ። ማንኛውም ፕሮግራም ከተርሚናል ሲወጣ ቁጥር ትቶ ይሄዳል። 0 ደህና ነው፤ ሌላ ቁጥር ሁሉ ችግር ነው። «ኢኮ» ብላችሁ የዶላር ምልክትና የጥያቄ ምልክት አያይዛችሁ ጻፉ፤ ይነግራችኋል። በ«ዶላር ዲስፕሌይ» «ስህተት» ብላችሁ ብትጽፉና በ«ዶላር ፊኒሽ» ብትወጡ ቁጥሩ 0 ነው። ስክሪፕቱ ጽሑፋችሁን አያነብም፤ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «አለፈ» ይላል። ስህተት ሲገኝ በ«ዶላር ፋታል» ውጡ። ውጤቱን «ቲ» በሚባለው ትእዛዝ ወደ ሎግ (መዝገብ) ፋይል የምትልኩ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ባሽ፣ ማለትም ተርሚናሉ ላይ ትእዛዛችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ የሚመልስላችሁ የ«ቲ»ን ቁጥር እንጂ የሲሙሌተሩን አይደለም። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ «ሴት ሰረዝ ኦ ፓይፕፌይል» ጻፉ። ጂኤችዲኤልም እንዲሁ ነው፤ ካልነገራችሁት በቀር «ኢረር» ደረጃ ያለው አሰርት፣ ማለትም የማረጋገጫ መስመር፣ ሲሙሌሽኑን አያስቆመውም። «አሰርት ሌቭል» የሚለውን አማራጭ «ኢረር» አድርጉት።

ነገሩን አጋነንኩ እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 የኢንቴል ፔንቲየም አንዳንድ ቁጥሮችን ሲያካፍል ይሳሳት እንደነበር በይፋ ታወቀ። ኢንቴል በወቅቱ እንደገለጸው፣ ለማካፈል የሚያገለግለው ሰንጠረዥ ውስጥ መግባት የነበረባቸው 5 ዋጋዎች ቀርተው ነበር፤ ምክንያቱም ሰንጠረዡን የሚጭነው ስክሪፕት ላይ የነበረ ስህተት ነው። ሳይታይ ቺፑ ተሠርቶ ተሸጠ። ኩባንያው ለዚህ 475 ሚሊዮን ዶላር መደበ። እነሱ ያን ሁሉ ባለሙያ ይዘው ካመለጣቸው፣ እኛ በዓይናችን ብቻ አይተን «ይሠራል» ልንል አንችልም።

ዛሬ ማታ ይህን አድርጉ። ዲዛይኑን ሆን ብላችሁ አበላሹት፤ መደመሩን ወደ መቀነስ ቀይሩና ቴስቱን አስኪዱ። አሁንም «ሁሉም አለፈ» ካለ ቴስት የላችሁም። ከዚያ ጀምሩ።

ከአዳማ፦ የዌቭፎርም ፋይሉ ዲስኬን ሞላው።

ቪሲዲ የሚባለው የዌቭፎርም ፋይል ዓይነት ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ቶሎ ያብጣል። ቪቪፒን ከፋይሉ ስም በኋላ «ሰረዝ ኤፍኤስቲ» ብለህ አስኪደው፤ በጣም ይቀንሳል፤ ጂቲኬዌቭም ይከፍተዋል። ሲግናሎቹን የሚያስመዘግበውን «ዶላር ደምፕቫርስ»ንም በ0 አትጥራው፤ 0 ማለት ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይመዝገብ ማለት ነው። የምትመረምረውን ሞጁል ብቻ ስጠው። ቴስቱ ራሱን የሚያረጋግጥ ከሆነ ደግሞ፣ ሲያልፍ ዌቭፎርም ማስቀመጥ አያስፈልግህም።

ከጎንደር፦ ቴስቴ በዘፈቀደ ቁጥር ነው የሚሞክረው፤ ግን በየጊዜው ያው ቁጥር ይመጣል።

ሲድ፣ ማለትም የዘፈቀደ ቁጥሮቹ የሚነሱበት መነሻ ቁጥር፣ ስላልሰጠሽው ነው። ከተርሚናል በመደመር ምልክት «ሲድ እኩል 7» ብለሽ አስተላልፊለት፤ ቴስት ቤንቹ ውስጥ በ«ቫልዩ ፕላስአርግስ» ተቀበዪው። በየዙሩ ሲዱን ቀይሪ፣ ሎጉ ላይም ጻፊው። ሲዱ ካልተጻፈ፣ አንድ ሌሊት የወደቀውን ቴስት ጠዋት መድገም ያቅትሻል።

ከአዲስ አበባ፦ ጓደኛዬ የትልቅ ኩባንያ ሲሙሌተር ክራክ የተደረገ (ያለ ፈቃድ የተከፈተ) አለው። ልጫነው?

አትጫነው። ክራኩ ምን ይዞ እንደሚመጣ አታውቅም፤ ሥራህና የይለፍ ቃሎችህ ያሉት እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። ነፃዎቹ ይበቁሃል።

ከዝዋይ፦ በ220 ቮልት የሚሠራ የውኃ ፓምፕ የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ በኤፍፒጂኤ ሠርቻለሁ። ሲሙሌሽኑ አልፏል፤ የመውጫ ቁጥሩም 0 ነው። ልሰካው?

የመውጫ ቁጥሩን በማየትህ ደስ ብሎኛል። ግን አትሰካው። ሲሙሌተሩ የሚያውቀው 0ንና 1ን ነው። ስለ ሪሌው (ፓምፑን ስለሚያበራው ማብሪያ)፣ ስለ ሽቦው ውፍረት፣ ስለ ምድር ሽቦው፣ እርጥብ እጅ ስላለው ሰው ምንም አያውቅም። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተህ ቦታው ላይ ያሳየው። እስከዚያ ድረስ ቦርዱን ከፓምፑ ነጥለህ፣ ሪሌው በሚገባበት ቦታ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ከነሬዚስተሩ ሰክተህ ሞክር።