ወንዙ በየትኛው በኩል ነው?

እሷ፦ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ ወሬያችን ባቡር ነው። ጓደኛዬ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከዱራንጎ ወደ ሲልቨርተን በእንፋሎት ባቡር ሄዶ ተመልሷል። ከመጣ ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም።

እሱ፦ ኧረ ተይ! ሁለት ቀን ብቻ ነው ያወራሁት።

እሷ፦ በል ጀምር።

እሱ፦ የአኒማስን ወንዝ ተከትሎ ሽቅብ 72 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

እሷ፦ 72 ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት ተኩል? በብስክሌት አይሻልም?

እሱ፦ ብስክሌቱን የት ልትነጂው? መሃል ያለው ሸለቆ የመኪና መንገድ የለውም። ወንዙና ሐዲዱ ብቻ ናቸው። ተራራ የሚወጡ ሰዎች ድንኳናቸውን አዝለው ኒድልተን የሚባል ቦታ ይወርዳሉ፤ ባቡሩ ጥሏቸው ይሄዳል። ስለዚህ ለሽርሽር ብቻ የቀረ ባቡር አይደለም።

እሷ፦ የተሠራው ግን ለማዕድን ነው አይደል?

እሱ፦ አዎ፣ በዋናነት ለብር ነው። ሐዲዱ ሲልቨርተን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ማዕድኑን ከተራራው ማውረጃ ነው የተፈለገው።

እሷ፦ እሺ፣ ለምን ወንዝ ዳር? ጎርፍ አለ፣ ናዳ አለ…

እሱ፦ ባቡር ዳገት አይወድማ! ብረት በብረት ላይ ነው የሚሄደው፤ ዳገቱ ከበረታ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ዱራንጎ ከባሕር ጠለል በላይ 1,990 ሜትር ገደማ ነው፣ ሲልቨርተን 2,840። 850 ሜትር መውጣት አለበት። ወንዙ ደግሞ ተራራውን ቀድሞ ሰንጥቆታል። እሱን ከተከተልሽ በአማካይ በየመቶ ሜትሩ የምትወጪው አንድ ሜትር ከምናምን ነው።

እሷ፦ ቀያሹ ወንዙ ነው በለኛ።

እሱ፦ እንደዚያ በይው። ሐዲዱም ጠባብ ነው፣ 914 ሚሊ ሜትር። በብዙ አገር የተለመደው 1,435 ነው። ጠባብ ሲሆን ባቡሩ በአጭሩ ይታጠፋል፤ የሚፈለፈለው አለትም ያንሳል።

እሷ፦ ጭሱስ? ልብስህ ጠቆረ?

እሱ፦ ድሮ ቢሆን ይጠቁር ነበር። የእሳት ብልጭታው ጫካ እንዳያቃጥል ብለው ከድንጋይ ከሰል ወደ ነዳጅ ዘይት ቀይረውታል። ሎኮሞቲቮቹ ግን የ1920ዎቹ ናቸው። መንገድ ላይ ቆመው ውኃ ይቀዳሉ። ያን ጊዜ ማሽኑ እንደ ሰው ሲተነፍስ ትሰሚዋለሽ።

እሷ፦ አሁን ወደ ገደሉ።

እሱ፦ መጀመሪያ ሜዳ ነው፤ ወንዙ እየተጠማዘዘ ዘና ብሎ ይሄዳል። እኔማ «ይኼ ነው እንዴ?» ብዬ ነበር። ከዚያ ሮክውድ የሚባለውን ቦታ ስታልፊ ሸለቆው ይጠብባል። ሐዲዱ የተዘረጋው ገደሉን በድማሚት አፍርሰው ባወጡት ጠባብ እርከን ላይ ነው። ባቡሩ ቀስ ይላል። በቀኝ በኩል ምንም የለም፤ ወንዙ ታች፣ በጣም ታች ነው።

እሷ፦ ፎቶ አሳየና።

እሱ፦ …የለኝም።

እሷ፦ እንዴት የለህም?

እሱ፦ በግራ ነው የተቀመጥኩት።

እሷ፦ በግራ ምን አለ?

እሱ፦ አለት። በእጄ ልነካው እስኪመስለኝ ድረስ አለት። ከፊቴ ያለው ሁሉ «ዋው!» ይላል፣ እኔ የሰው ጀርባ አያለሁ።

እሷ፦ ውይ፣ ምስኪን! ተነስተህ አታይም ነበር?

እሱ፦ ሰው ተደርድሮ የት ልግባ? ደግነቱ ትንሽ ቆይቶ ባቡሩ ድልድይ ይሻገርና ወንዙ ወደ ግራ ይመጣል። ግን ዋናው ገደል አልፏል። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ፣ ወደ ሲልቨርተን ስትሄዱ በቀኝ!

እሷ፦ ቆይ፣ መመለሻውንም በባቡር ነው የመጣኸው? አውቶቡስ አለ አላልከኝም?

እሱ፦ አለ። አጠገቤ የነበሩት ባልና ሚስት ደክሟቸው በአውቶቡስ ተመለሱ። እኔ ግን ሲልቨርተን ላይ ባቡሩን ሲያዞሩት አየኋቸው። አፍንጫው ወደ መጣንበት ዞረ። ያው ወንበር፣ ያው ግራ…

እሷ፦ አሁን ግን ገደሉ በአንተ በኩል!

እሱ፦ ፎቶው ግን የለኝም። ያን ጊዜ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር።