የሚንኳኳው ምንድን ነው? ስለ መኪና ሳስፔንሽን የጅማ አድማጮች ጥያቄና የመካኒኩ መልስ

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ጉድጓዱን ሲያሳይ ጋራዦች በአንድ ዓይነት ቅሬታ ይሞላሉ፦ «መኪናዬ ይንኳኳል።» በዛሬው ዝግጅታችን በሙያው ረጅም ዓመታት የቆዩ መካኒክ ስለ ሳስፔንሽን፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው ጋር ስለሚያገናኙትና የመንገዱን ንቅናቄ ስለሚያበርዱት ክፍሎች፣ የደረሱንን ጥያቄዎች ይመልሳሉ።

ከሂርማታ የደወሉ አድማጭ፦ ቪትዝ ነው የምነዳው። ጉድጓድ በነካ ቁጥር ከፊት በቀኝ በኩል ኳ ኳ ይላል። ጋራዥ ብወስደው «ሾክ አብዞርበሩ ሞቷል፣ ሁለቱንም የፊት ቀይር» አሉኝ። ዋጋው ደግሞ ከባድ ነው። እውነት ሾኩ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ትንሽ ይታገሱኝ። መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው፤ የሾኩ ሥራ ሌላ ነው። ሞላ ብቻውን ቢተው አንዴ ከተጫነ በኋላ ሲዘል ይቆያል። ሾኩ ውስጥ ዘይትና ፒስተን አለ። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ተጨንቆ ያልፋል፤ የዝላዩ ጉልበትም ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ከረጅም ኮረኮንች መንገድ በኋላ ሾኩን ቢነኩት የሚሞቀው ለዚህ ነው። የዚህ ሁሉ ድካም ዓላማ ምቾት ብቻ እንዳይመስልዎ። ዋናው ጉዳይ ጎማው መሬት እንዳይለቅ ነው። መሬት የለቀቀ ጎማ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይታዘዝም።

ስለዚህ የሞተ ሾክ በአብዛኛው የሚታወቀው በኳኳታ ሳይሆን በመወዛወዝ ነው፦ ፍሬን ሲይዙ አፍንጫው ይደፋል፣ ጉብታ ካለፉ በኋላም መኪናው ቶሎ አይረጋም። ከፊት በኩል ኮፈኑ ጥግ ላይ በሁለት እጅ ተጭነው ይልቀቁት። አንዴ ተነስቶ ከረጋ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ሾኩ ደክሟል። ይህ ፍተሻ ገና መዳከም የጀመረውን ላያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ የሾኩንም አካል ይመልከቱ። ስስ እርጥበት አያስደነግጥም። ዘይት ወርዶ አቧራ ከለጠፈበት ግን ጊዜው አልፏል።

የእርስዎን ዓይነት ኳኳታ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የስታቢላይዘሩ (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ) ማያያዣ ሊንክ ወይም የተበላ ጎሚኒ፣ ማለትም በብረት መጋጠሚያዎች መሐል የሚገባው ላስቲክ፣ ነው። የሾኩ የላይኛው መቀመጫም ሊሆን ይችላል። ሊንክና ጎሚኒ ከሾክ በብዙ ይረክሳሉ። መካኒኩ በብረት ዘንግ እየገፋ የትኛው እንደሚላቀቅ በዓይንዎ ያሳይዎት። ሳያሳይ «ቀይር» የሚል ሰው ቢገጥምዎ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሂዱ። ሾኩ በእርግጥ ሞቶ ከሆነ ግን «ሁለቱንም» ማለታቸው ትክክል ነው፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው በሁለት ጎኑ የተለያየ ጠባይ ያመጣል። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ የፊት ሾኩ በሞላው መሐል የሚያልፍ ስለሆነ ሞላው በልዩ ማሰሪያ ሳይታመቅ የላይኛው ቡሎን ፈጽሞ እንዳይፈታ። ታፍኖ የቆየ ሞላ ሲፈነጠር ሰው ይገድላል።

ከጅሬን የደወሉ መምህርት፦ የኮሮላዬ የፊት ጎማዎች በውስጥ በኩል ብቻ ተበልተው አለቁ። ጎሚስታው «ጎማው ጥራት የለውም» ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ጎማዎች በአንድ ጎን ብቻ ከተበሉ ጥፋቱ የጎማው ሳይሆን የአቋማቸው ነው። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቋም ማስተካከል፣ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ጎሚኒዎቹና ቴስቲኒዎቹ (የመሪው ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያዎች) ይፈተሹ፤ የላላ ነገር እያለ የተሠራ አላይመንት ሳምንትም አይቆይም። እጅዎን በጎማው ላይ ዙሪያውን ሲያሳልፉ ወጣ ገባ የሚል ሞገድ ካገኙ ደግሞ ሾኩን ይጠርጥሩ።

ከአጋሮ የደወሉ የአይሱዙ ባለቤት፦ ቡና እንጭናለን። ባሌስትራው (ተደራራቢ የብረት ሞላው) ስለተኛ አንድ ብረት ልጨምርበት አስቤአለሁ። የተሰበረም አንድ አለ፤ ይበየዳል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከኋለኛው ልጀምር። አይበየድም! የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ተግሎና ቀዝቅዞ ነው። የብየዳው ሙቀት ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ ዛሬ የተያያዘ ቢመስልም ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል። የሚሰበረውም ጭነት ላይ እያለ፣ ቁልቁለት ወይም ኩርባ ላይ ነው። የተሰበረው ወጥቶ በልኩ ይተካ።

ብረት መጨመርን በተመለከተ፣ ባሌስትራው ቀና ይላል፤ ነገር ግን አክስሉ፣ ፍሬኑ፣ ጎማውና ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ያው የድሮዎቹ ናቸው። መኪናው ቀና ስላለ ጭነቱ የቀለለ ይመስልዎትና ኩንታል ይጨምራሉ፤ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ግን ፍሬኑ ያንን አያውቅም። ባዶ ሲመለሱም ኋላው ድንጋይ ይሆንና ጎማው ይዘላል። የተኛውን ባሌስትራ በአዲስ መለወጥና በተፈቀደው ልክ መጫን ይሻላል። አዲሱ ከገባ በኋላ ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር እንደተሄደ እንደገና ይጥበቁ። ይህን የሚያደርግ ሰው ያየሁት በጣም ጥቂት ነው፤ የባሌስትራውን ብረቶች አንድ ላይ የሚይዘው የመሐል ቡሎን የሚቆረጠውም በአብዛኛው በዚህ ነው። ቡሎኑ ሲቆረጥ አክስሉ በአንድ ወገን ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መኪናውም ጎኑን እያዞረ ይሄዳል። ከኋላ የሚከተልዎ ሹፌር ከእርስዎ ቀድሞ ያየዋል።

ከሰቃ የደወለ ወጣት፦ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ቪትዜን በሞላው ላይ ማስነሻ አስገብቼ ከፍ ላደርጋት ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ ልጄ፣ ሆዷ ድንጋይ እንዳይመታ ማሰብህ ተገቢ ነው። መጠኑ ትንሽ ይሁን፤ ከዚያም አላይመንት አሠራ። ብዙ ከፍ ካደረግሃት ወደ ጎማ የሚሄደው አክስል አንግሉ ይበላሻል፣ ግሪስ የያዘው ላስቲክም ይቀደዳል። ኩርባ ላይም እንደ በፊቱ አትይዝልህም፤ ፍጥነትህን ቀንስ።

ከመንደራ የደወሉ አባት፦ የአሮጌ መኪናዬ የግራ ጎማ ሲታጠፍ ይንቋቋል፣ መሪውም ይዋልላል። ለበዓል ከነቤተሰብ አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ስመለስ ባሠራውስ?

መልስ፦ አባቴ፣ በዚህ መኪና አይሂዱ። የነገሩኝ ምልክት የቦል ጆይንት፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ክብ መጋጠሚያ፣ ነው የሚመስለው። ሌላው ብልሽት ያስቸግራል፤ ይህኛው ግን ሲወልቅ ጎማው ተጣጥፎ መኪናው በአፍንጫው ይቀመጣል። ይህ ጊቤ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ቢደርስ ማሰቡም ይከብዳል።

ዛሬውኑ ሜዳ ላይ አቁመው የግራውን ጎማ በክሪክ ያስነሱ። ከሥር አይግቡ፤ ድጋፍም ያድርጉለት፣ ድጋፉ ግን ጡብ አይሁን። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙት። ከላላ ቦል ጆይንቱ ወይም ኩሽኔታው ነው፤ አንድ ሰው ከጎን ሆኖ የትኛው እንደሚነቃነቅ ይመልከት። ግራና ቀኝ ይዘው ሲወዘውዙት ከላላ ደግሞ የመሪ ቴስቲኒው ነው። ከሦስቱ አንዱም ቢገኝ ሳይለወጥ ከከተማ አይውጡ። ለበዓሉ ካልደረሰልዎ ልጆቹን ይዘው በአውቶቡስ ይሂዱ።